ግማሽ ሪዝ

አሥራ አራተኛው ጸጉር ላይ ቺሆ የአልጋውን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። መርፌው ከትንኝ አፍ ይቀጥናል ተብላለች። እውነት ነው፣ ይቀጥናል፤ ትንኝ ግን ከኤሌክትሪክ ጋር ተያይዛ መጥታ አታውቅም።

“አሁን ትንሽ ሞቅ ይልሻል፤” አሉ እትዬ ኦኒሺ።

ትንሽ ሞቅ የሚለው ነገር ከአፍንጫዋ ሥር ተነሥቶ፣ በግራ ዓይኗ ዞሮ፣ ጆሮዋን አንኳኩቶ ወደ እግሯ አውራ ጣት ወረደ። ከዚያ ጸጉሩ በወረንጦ ሳብ ሲደረግ ያለ ምንም ግብግብ ወጣ። እትዬ ኦኒሺ ከራስጌዋ ባለው ነጭ ወረቀት ላይ ከጓደኞቹ ጎን አስተኙት። አሥራ አራት ጥቁር ጸጉሮች፣ እያንዳንዳቸው ከታች ትንሽ ነጭ ራስ ያላቸው፣ ለሰልፍ እንደወጣ ወታደር ተደርድረዋል። ቺሆ በዓይኗ ጠርዝ አየቻቸውና፣ ዕድሜዬን ሙሉ ያንገበገቡኝ እነዚህ ናቸው ብላ ተናደደች።

እትዬ ኦኒሺ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በታካማትሱ ከተማ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ጸጉር አንድ በአንድ ሲነቅሉ ኖረዋል። እስካሁን የነቀሉት ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል ከወደቡ ተነሥቶ፣ ባሕሩን አቋርጦ፣ ወይራ የሚበቅልባትን ደሴት ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ለመመለሻ የሚተርፍ ገመድ ይወጣዋል ይባላል። ወረፋቸው ሰባት ወር ነው። ቺሆ ስትመዘገብ ብርቱካን እየተለቀመ ነበር፤ ተራዋ ሲደርስ ቼሪው አብቦ ረግፏል።

“ስንት ዓመት ነው በወረንጦ የነቀልሽው?”

“ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ። ሃያ ሁለት ዓመት።”

“ያስታውቃል። ሥሩ ሁሉ ተጣሟል፤ ቀጥ ብሎ የሚወርድ አንድ የለም። አንቺ ነቅዬ ተገላገልኩ ስትዪ እሱ ከሥር ሲጠማዘዝብሽ ነው የኖረው።”

“አሁን ስንት ደረስን?”

“አትቁጠሪ። የሚቆጥር ሰው ሁለተኛ አይመለስም።”

ቺሆ ቆጠረች። ሌላ ምን ታድርግ? ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር የለም። ሠላሳ ላይ ማስነጠስ አማራት፤ እትዬ ኦኒሺ መርፌውን አንሥተው “አስነጥሺ” አሏት፤ ስትዘጋጅ ግን ማስነጠሱ ጠፋ። መርፌው ሲመለስ እሱም ተመለሰ። አርባ አምስት ላይ ከግራ ዓይኗ ብቻ እንባ እየወረደ ጆሮዋ ውስጥ ተጠራቀመ። ቀኝ ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ነገሩ የማይመለከተው ጎረቤት ይመስል ያያል።

ስልሳ ሁለት ላይ መርፌው ቆመ።

“በቃ። ለዛሬ ይኸው ነው።”

ቺሆ ተነሥታ መስተዋቱን ተቀበለች። አየች። መስተዋቱን አዙራ እንደገና አየች።

“እትዬ ኦኒሺ፣ ቀኙስ?”

“ቀኙ በሁለት ሳምንት።”

“ማለት ግማሹን ይዤ ልውጣ?”

“ሁሉም ግማሹን ይዞ ነው የሚወጣው። ከዚህ ወዲያ ብነካው ፊትሽ እንደ ዳቦ ይነፋል።”

“ቀኙን ልላጨው እንግዲያው።”

“ዛሬና ነገ ምላጭ አይነካሽም፤ ቆዳሽ ተቆጥቷል። ወረንጦ ደግሞ እስከ ዘላለሙ አይነካሽም። ወረንጦሽን ለምስማር መንቀያ አድርጊው።” ትንሽ ጠርሙስ ከመሳቢያ አወጡ። “ሲያቃጥልሽ በጥጥ ነካ ነካ አድርጊበት፤ ያቀዘቅዛል። ነካ ነካ ነው ያልኩሽ።”

“ጠቅላላ ስንት ጊዜ ነው የሚፈጀው?”

እትዬ ኦኒሺ መነጽራቸውን አወለቁ። ይህን ጥያቄ ሲመልሱ መነጽር አያደርጉም፤ የሰው ፊት ባያዩ ይመርጣሉ።

“የአንቺ ሁለት ዓመት ይሆናል። ከተባረከ ዓመት ከመንፈቅ።”

ቺሆ ማስኳን አጥልቃ ደረጃውን ስትወርድ ሂሳቡን በልቧ መታችው። ስልሳ ሁለት ጸጉር ለአንድ ሰዓት። ሰባት ወር ጠብቃ፣ ለአሥር ቀን መርፌው እንዲይዘው ብላ ሳትነካው አሳድጋ፣ አሥሩንም ቀን ከማስክ ሳትወጣ፣ ምሳዋን እንኳ አውቶቡሷ ውስጥ መጋረጃ ጋርዳ በልታ፣ ያገኘችው ግማሽ ሪዝ ነው። ሙሉ ሪዝ ቢሆን እኮ ቢያንስ የተለመደ ነገር ነው።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው መኸር ነው። ቺሆ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ መሪ ከጨበጠች አሥራ አንድ ዓመቷ። አንዲት አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ከእናቷ ጋር ስትወርድ ቀና ብላ አየቻትና “እማዬ፣ ሾፌሯ ሪዝ አላት” አለች። በክፋት አልነበረም። ቀጭኔ ያየች ያህል ደስ ብሏት ነው። እናትየዋ እጅ እየነሣች ይቅርታ ስትጠይቅ ግንባሯ የትኬት ሳጥኑን ሊመታ ምንም አልቀረውም። የተቀሩት ሠላሳ ተሳፋሪዎች በአንድ ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞሩ። መስኮቱ የሚያሳየው የባንክ ቤት ግንብ ነበር። ሁሉም ግንቡን በታላቅ ጉጉት አዩት። ቢስቁባት ይሻላት ነበር።

ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ዴፖ ደረሰች። አውቶቡሷ የሚወጣው ሰባት ሰዓት ከሠላሳ ሁለት ላይ ነው፤ ስምሪት ክፍል የምትቀርበው ደግሞ ስድስት ከአርባ። የሴቶች ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ነበረች። ሁልጊዜም ብቻዋን ናት፤ በዚህ ዴፖ ሌላ ሴት ሾፌር የለችም። የግራ ከንፈሯ በርበሬ የተቀባ ያህል ይፋጃል። ጠርሙሱን ከፍታ በጥጥ ነካ ነካ አደረገች። ቀዘቀዘላት፤ ግን ወዲያው አለፈ። ደገመች። አለፈ። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ትዕግሥቷ አለቀና ጥጡን በደንብ አርሳ፣ ጠፍጠፍ አድርጋ፣ ከማስኳ ሥር ከንፈሯ ላይ ለጠፈችው።

ገነት ማለት ይኼ ነው አለች በልቧ። ማስኩ ውስጥ የባሕር ንፋስ ነፈሰ። የደንብ ልብሷን ለብሳ፣ ባርኔጣዋን ደፍታ፣ ያን ንፋስ እየማገች ሃያ ደቂቃ ተቀመጠች።

ስምሪት ክፍሉ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው በስተጀርባ ማናቤ፣ ከፊት ለፊት ደግሞ ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች የሚቀመጡበት ሰፊ ክፍል ነው። ማናቤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ የስምሪት ኃላፊ ከሆነ ስምንት ወሩ። ለሁሉም “እርስዎ” ይላል። የዴፖው ድመት መንገድ ብትዘጋበት “ይለፉ” ሳይላት አይቀርም። ደንቡን በቃሉ ያውቀዋል፤ ያላወቀ ሲመስለው ደግሞ አውጥቶ ያነበዋል።

“ወይዘሪት ሶጎ፣ ጤናዎ?” አላት ቺሆን በቤተሰቧ ስም።

“ደህና ነኝ።”

“እንቅልፍ?”

“ሰባት ሰዓት ተኝቻለሁ።”

“ይንፉ።”

መሣሪያው ከጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ሳጥን ነው፤ ቱቦ አለው፣ ካሜራም አለው። ሾፌር ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ይነፋል፣ መሣሪያው ትንፋሹን ለክቶ ፎቶውን ያነሣል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ መሥሪያ ቤቱ የቺሆን ሪዝ ከወላጅ እናቷ የበለጠ ፎቶ አንሥቶታል። ስለዚህ ዘዴ አበጅታለች፤ ማስኳን በአንድ እጇ ወደ አገጯ ሳብ ታደርግና በሌላው ቱቦውን ስትይዝ፣ በነፋስ መሀል ክብሪት እንደሚጭር ሰው መዳፏን ከንፈሯ ላይ ትጋርደዋለች። ጥጡ ከማስኩ ጋር አብሮ ወደ አገጯ ወረደ። ነፋች።

መሣሪያው በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገራት። ድምፁ የተከበረ ሆቴል አስተናጋጅ ነው የሚመስለው።

“ይቅርታ ያድርጉልን። አልኮል ተገኝቷል።”

 የተሰማው ጋሼ ሚያታኬ ኡዶናቸውን፣ ያን በመረቅ የሚበላ ወፍራም የስንዴ ፓስታ፣ ሲምጉ ብቻ ነበር። ሚያታኬ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ በዴፖው ከአውቶቡሶቹ ሁሉ የሚበልጡ እሳቸው ናቸው። በየቀኑ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ጎድጓዳ ሳህን ኡዶን ካልበሉ መሪው አይዞርላቸውም።

“ዜሮ ነጥብ ሃያ አንድ፤” አለ ማናቤ። ቁጥሩን እንደ መርዶ ነው ያነበበው።

“አይሆንም። አልጠጣሁም።”

“መሣሪያው ባለፈው ሳምንት ተፈትሿል።”

“እኔስ? እኔ አልተፈተሽኩም?”

“አሁን ተፈተሹ። ዜሮ ነጥብ ሃያ አንድ።” ደብተሩን ገለጠ። “አፍዎን ይጉመጥመጡ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀመጡ፣ ከዚያ ይደገማል። ትናንት ማታ ምን ጠጡ?”

“የገብስ ሻይ።”

“ከዚያ በፊትስ?”

“የገብስ ሻይ።”

“ገብሱ ሳይቦካ አልቀረም፤” አሉ ጋሼ ሚያታኬ ከወዲያ። ሌሎቹ ሦስቱ ሾፌሮች ወደ ጫማቸው አቀርቅረው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ።

ቺሆ ማስኳን ወደ ላይ መልሳ መታጠቢያው ጋ ሄደች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጠች፣ ማስኳን መለሰች፣ መጥታ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከማስኩ ሥር ጥጡ አሁንም ቀዝቃዛ ነው። ደጉ ነገር እሱ ብቻ ነው አለች በሆዷ። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ ያን ቅዝቃዜ ማገች።

የምታስበው ስለ ኦሳካው መስመር ነበር። አራት ዓመት የጠበቀችው ነው። ታላቁን ድልድይ ተሻግሮ የሚሄደው የረጅም ርቀት አውቶቡስ፣ ተሳፋሪው መቀመጫውን አስተኝቶ የሚያንቀላፋበት፣ ማንም ሾፌሩን ቀና ብሎ የማያይበት። በመጪው ወር ሥልጠናው ይጀመራል፤ ሁለት ሰው ይወሰዳል፤ ስሟ ሁለተኛ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ነፍታ ሦስት ጊዜ ከተያዘች ግን ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ወረቀቱ ዋናው መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ የኦሳካው መስመር ኃላፊ ብዕሩን አንሥቶ ስሟ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይስባል። ያ ሰውዬ የሚታወቀው በዚህ ነው። አንዴ የሰረዘውን መልሶ ጽፎ አያውቅም።

“ይንፉ።”

ነፋች።

“ይቅርታ ያድርጉልን። አልኮል ተገኝቷል።”

“ዜሮ ነጥብ አሥራ ዘጠኝ።”

“ይቅርታ መጠየቁንስ ይተው፤” አለች ቺሆ መሣሪያውን። 

“እየቀነሰ ነው፤” አሉ ጋሼ ሚያታኬ። “በዚህ አያያዝ ለራት ትደርሳለች።”

ማናቤ ግን አልሳቀም። ግንባሩ ላብ አውጥቷል። የሾፌር እጥረት አለ፤ የሰባት ከሠላሳ ሁለቱን የሚተካ ሰው የለውም፤ ፌርማታው ላይ ደግሞ ሆስፒታል የሚሄዱ ሽማግሌዎች ተሰልፈዋል። በደንቡ ውስጥ ስለ ሽማግሌዎቹ የተጻፈ ነገር የለም።

ቺሆ ማስኳን ልትመልስ ወደ ላይ ሳበችው። ጥጡ ከንፈሯን ሲነካ ሽታው መታት። እስካሁን ሳይሸታት ቀርቶ አይደለም፤ ደስ ብሏት ስለነበር ሽታ ብላ አልቆጠረችውም እንጂ። አሁን ግን አሸተተች፤ በደንብ አሸተተች። የክሊኒክ ሽታ ነው። ሰው መርፌ ከመወጋቱ በፊት ክንድ ላይ የሚቀባው ነገር ሽታ። ሃያ ደቂቃና አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ጠቅላላ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሙሉ በአፍንጫዋም በአፏም ስትምገው የቆየችው እሱን ነው።

ነካ ነካ ነው ያልኩሽ።

ጥጡን ከማስኩ ሥር በጣቷ ጎትታ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

“አቶ ማናቤ፣ ገባኝ። ማስኬ ነው። ማስኬ ላይ መድኃኒት ነክቶታል። አዲስ ማስክ ይስጡኝና እነፋለሁ።”

“በሦስተኛው ላይ ማስክ የለም፤” አለ ማናቤ።

“እንዴት?”

ገጹን አውጥቶ አነበበላት። ሦስተኛው ምርመራ የመጨረሻው ስለሆነ ሾፌሩ አሥራ አምስቱን ደቂቃ በካሜራው ፊት፣ ፊቱ ሳይሸፈን፣ እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ይቀመጣል። ይህ ደንብ የወጣው አንድ ሌላ ዴፖ ውስጥ ነው። አንዱ ሾፌር መጸዳጃ ቤት እጠብቃለሁ ብሎ በመስኮት ወጥቶ፣ ሽታ ያጠፋልኛል ብሎ ሁለት ሊትር ወተት ጠጥቶ፣ በዚያው መስኮት ሲመለስ ሆዱ አላስገባ ብሎት እግሩ ውጭ፣ ራሱ ውስጥ ሆኖ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው ያወጡት። ከዚያ ወዲህ የሁሉም አፍ ለካሜራ ይታያል።

“መጸዳጃ ቤት መሄድ አልፈልግም። ማስክ ብቻ።”

“ካሜራው አፍዎን ማየት አለበት፣ ወይዘሪት ሶጎ።”

“እርስዎ ዞር ይበሉልኝና ካሜራው ይየኝ።”

“እኔም ማየት አለብኝ። እዚህ ተጽፏል።”

ቺሆ የግድግዳውን ሰዓት አየች። ስድስት ከሃምሳ ሰባት። ሾፌሮቹን አየች። አራት ወንዶችና አንድ ጎድጓዳ ሳህን። ሁለቱ አዳዲስ ናቸው፤ ፊቷን ያለ ማስክ በቅጡ አይተውት አያውቁም። በሰባት ወር ወረፋ፣ በአሥር ቀን መደበቅ፣ በስልሳ ሁለት ጸጉር የገዛችው ነገር ይኸው ነው፤ ማንም ሳያይ ሊጠፋ የነበረ ነገር ካሜራ ፊት ሊቀመጥ ነው። ጠረጴዛውን ብትገለብጠው ደስ ባላት። ጠረጴዛው ግን በብሎን ታስሯል።

ማስኳን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እጆቿን ዘረጋች። ፊቷን ቀና አደረገች።

ግራው አብጧል፤ ቀይ ነው፤ ስልሳ ሁለት ጥቃቅን ነጥብ ተነቅሶበት እንጆሪ መስሏል። ቀኙ ላይ የአሥር ቀን ሪዝ ቆሟል። ድንበሩ ልክ በአፍንጫዋ ትክክል፣ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል፣ ቀጥ ብሎ ወርዷል።

የጋሼ ሚያታኬ ኡዶን ከአፋቸው እስከ ሳህኑ ተንጠልጥሎ ቀረ። አልማጉትም፣ አልቆረጡትም። ማናቤ ማየት አለብኝ ብሎ ሲያበቃ አሁን የት እንደሚያይ ጠፋው፤ በመጨረሻ ግራ ጆሮዋን መረጠ።



“ምን ሆነሽ ነው?” አሉ ጋሼ ሚያታኬ፣ ኡዶኑን እንደ ምንም ውጠው።

“ሪዜን እያስነቀልኩ ነው።”

“ግማሹን?”

“ግማሹን።”

“ቀሪውስ?”

“በሁለት ሳምንት።”

“ከዚያ ያልቃላ።”

“ከዚያ አያልቅም። ሁለት ዓመት ነው።”

ጋሼ ሚያታኬ ይህን አላመጡት። “ሁለት ዓመት። እኔ ቤት የሠራሁት በስድስት ወር ነው። በምንድን ነው የሚነቅሉት?”

“በመርፌ። ኤሌክትሪክ ያለው። አንድ በአንድ።”

“ያማል?”

“ጋሼ፣ አፍንጫዎ ሥር አንድ መቶ ጊዜ ክብሪት ቢጫርብዎት ምን ይሉ ነበር?”

“ኧረ እኔ በአንዱም እጮኻለሁ።” ትንሽ ቆዩና ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረጉ። “ሚስቴ በየጠዋቱ መታጠቢያ ቤት ቆልፋ ትቆያለች። ሠላሳ አምስት ዓመት። ምን ታደርጊያለሽ ብዬ በር ስደበድብ ነው የኖርኩት።”

ማንም አልሳቀም። ከአዳዲሶቹ አንዱ፣ ጠይም ለግላጋ ልጅ፣ አገጩን ሳያስበው ዳሰሰ። ቺሆ ሊያዝኑላት እንደጀመሩ ገባት፤ ከሳቁ ይሄኛው የባሰ አንገበገባት። ሰው እንዳይስቅ ማድረግ አይቻልም፣ እንዳያዝንም ማድረግ አይቻልም፤ የሚቻለው አሥራ አምስት ደቂቃ እስኪሞላ ፊትን ገትሮ መቀመጥ ነው። ከንፈሯ ነደደ። እጇን ማንሣት አይፈቀድም።

ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሦስት ላይ ነፋች።

መሣሪያው ምንም አልተናገረም። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ።

“ተመስገን፤” አለ ማናቤ፤ ከደንቡ ውጭ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል ነው። ወዲያው ግን ቅጽ አወጣ። “ምክንያቱ መጻፍ አለበት። ሳኒታይዘር ብዬ ልጻፈው?”

“አይጻፉት።”

“እውነት ነው እኮ። በግምት።”

ቺሆም፣ ማናቤም፣ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነበር። በዚህ መሥሪያ ቤት የደረሰ ስሕተት ሁሉ ይጻፋል፤ የተጻፈው በማግሥቱ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ለሾፌሮች በሙሉ ይነበባል፤ በድምፅ ማጉያም ለአምስቱ ዴፖዎች ይተላለፋል፤ ሰው እንዲማርበት ተብሎ ሰባት ቀን ይደጋገማል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሾፌር፣ እውነትም ጠጥቶ፣ ምክንያቱን ሳኒታይዘር ብሎ ጻፈ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሰክሮ የሚንገዳገድ ሰው ሲያዩ “ሳኒታይዘር ነክቶታል” ነው የሚባለው። ያ ቃል ከስሟ ጋር አንድ ጊዜ ከተነበበ የኦሳካው ሰውዬ ብዕሩን ለማንሣት ሁለተኛ ቃል አይጠብቅም።

“የግል ሕክምና ልበለው?”

“የግል ሕክምና ካሉ አርግዛለች ይላሉ።”

“ታዲያ ምን ልበል?”

“ቅጹን ይስጡኝ።”

ቆማ ጻፈች። ብዕሩ ወረቀቱን እስኪቀድ እየተጫነች ነው የጻፈችው። ማናቤ ተቀብሎ በልቡ አነበበ፤ መቅላት ከአንገቱ ጀምሮ እንደ ቴርሞሜትር ወደ ላይ ወጣ።

“ይህን እኔ ማንበብ አልችልም።”

“ለምን?”

“የሴት ገመና ነው።”

“አቶ ማናቤ፣ ባለፈው ወር የጋሼ ሚያታኬን ኪንታሮት ለሰባት ቀን አንብበዋል።”

“ስምንት፤” አሉ ጋሼ ሚያታኬ። “እሁድን ደግሞታል።”

“እሱ ለመንገድ ደኅንነት ነው። መቀመጥ አቅቷቸው ፍሬን…”

“የእኔስ ለምንድን ነው?”

ማናቤ ደብተሩን ገለጠ፤ በዚህ ጉዳይ ላይ አንድም ገጽ የለም። “ሌሎቹ ዴፖዎች እኮ ይስቃሉ፤” አለ ቀስ ብሎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን እያየ። “መቶ አርባ ሰው ነው። እኔ ሳነበው ድምፄ ቢንቀጠቀጥ ደግሞ የባሰ ነው። ለእርስዎ አስቤ ነው።”

እውነቱን እንደሆነ አየች። ያ ደግሞ ሌላ ብስጭት ነው፤ ክፉ ቢሆን በተገላገለች። በዓይነ ልቡናዋ ይኸን ልጅ ማይክራፎኑ ፊት ቆሞ አየችው፤ “የላይኛው” ብሎ ሲያስል፣ “ከንፈር” ብሎ ውኃ ሲጠጣ፣ “ጸጉር” የምትለዋን ቃል ሲያንሾካሹክ። መቶ አርባ ሰው በየዴፖው ጆሮውን አቁሞ፣ ምን አለ ምን አለ ሲባባል። እሷ ያን ሰዓት ቤቷ ተኝታ።

ግድግዳው ላይ ያለውን የፈረቃ ሰሌዳ አየች። ነገ ከሰዓት ናት። ከነገ ወዲያም። እሁድ ደግሞ ዕረፍቷ።

“እኔ አነበዋለሁ፤” አለች።

“ነገ ጠዋት ሥራ የለዎትም።”

“አውቃለሁ።”

“አሥራ አንድ ከሃያ ነው። ለዚያ ብለው ዘጠኝ ተኩል መነሣት አለብዎት። ማንም አያስገድድዎትም።”

“ይኸንንም አውቃለሁ፣ አቶ ማናቤ።”

“አንዱን ቀን ነው ወይስ ሰባቱንም?”

እሁድ እንቅልፍ የምትወደው ቀን ነው። ቺሆ ሰሌዳው ላይ እሁድን ዓይኗን ሳትነቅል አየችው፤ የዘረፋት ሰው ይመስል።

“ሰባቱንም።”

ጋሼ ሚያታኬ ሳህናቸውን ይዘው ተነሡ። ሲያልፉ ቆም ብለው፣ “የእኔ ሲነበብ እኔ ላንብበው ማለት እንደሚቻል አላወቅኩም ነበር” አሉና ወጡ።

ማናቤ ቅጹን ወደ ማኅደሩ ሊያስገባ ሲል ቺሆ እጇን ዘረጋች።

“አንድ ጊዜ ይመልሱልኝ።”

መለሰላት። የጻፈችውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ምክንያት፦ በላይኛው ከንፈሬ ላይ ያለውን ጥቂት ጸጉር በመርፌ ማስነቀል ስለጀመርኩ፣ ለቃጠሎው የተሰጠኝ መድኃኒት አልኮል ስለነበረበት። ብዕሩን አንሥታ “ጥቂት” የምትለዋን ቃል ሰረዘቻት፤ ወረቀቱን መለሰችለትና የአውቶቡሷን ጎማ ለማየት ወጣች።